የአደኑን ቀን ማን ይቁረጥ?

በአሜሪካ አጋዘን በማንም ማሳ ላይ ቢግጥ የባለማሳው አይሆንም። የዱር እንስሳ በየስቴቱ መንግሥት እጅ በአደራ የተቀመጠ የሕዝብ ሀብት ነው የሚለው ሐሳብ በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ረጅም ዕድሜ አለው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1896 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከኮኔቲከት በመጣ ጉዳይ ላይ ይህንኑ አጽንቷል፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ያ ፍርድ ቢሻርም የአደራው ሐሳብ ግን ከሥሩ አልተነቀለም። ሀብቱ የሕዝብ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይከተላል። አደኑ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን፣ የሚገደለውንም ብዛት የሚቆርጠው ማን ነው? እንስሳውን ያጠናው ባለሙያ ነው፣ ሕግ አውጪው ነው፣ ወይስ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ የሚገባው ሰው? ይህን ጥያቄ እንደ ዊስኮንሲን ደጋግሞ፣ በአደባባይና በየካውንቲው የጠየቀ ስቴት ማግኘት ያስቸግራል። የዊስኮንሲን ታሪክ ሕዝብ ሁልጊዜ ልክ እንደሆነ አያሳይም፤ ሕዝቡ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል። እኔ ከዚህ ታሪክ የማነበው ሌላ ነገር ነው፤ ሕዝብ ያልመከረበት የአደን ወቅት፣ ከጀርባው ያለው ጥናት የቱንም ያህል የጠነከረ ቢሆን፣ ዕድሜ አይኖረውም።

ነገሩ የሚጀምረው ዊስኮንሲን ስቴት ከሆነች በሦስተኛው ዓመት ነው። በ1851 የሕግ አውጪው ምክር ቤት ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ጁላይ 1 አጋዘን እንዳይገደል ከለከለ፤ ሴቶቹ ጽንስ የሚሸከሙበትና የሚወልዱበት ጊዜ ነውና። ክልከላው ወረቀት ላይ ሰፈረ እንጂ የሚያስከብረው ሰው አልነበረም። ስቴቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአደን ተቆጣጣሪዎች የሾመው ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ1887 ነው። እስከዚያው ድረስ ሰሜኑን የሸፈነው የጥድ ደን ተጨፍጭፎ በወንዝና በባቡር ተጋዘ፤ የአጋዘን ሥጋም የእንጨት ቆራጮች ቀለብና የከተማ ገበያ ሸቀጥ ሆነ። በደቡቡ የእርሻ አገር አጋዘን ማየት ብርቅ እየሆነ መጣ። በ1897 አንድ አዳኝ በዓመት ከሁለት አጋዘን በላይ ግዳይ እንዳይጥል ተደነገገ፤ ለነዋሪውም የአንድ ዶላር ፈቃድ ወጣ። በ1915 ከዚህ የጠነከረ ሕግ መጣ፤ ቀንድ ካበቀለ ወንድ በስተቀር ሌላ አጋዘን መግደል ተከለከለ። በ1925 ደግሞ ምክር ቤቱ አደኑ በየሁለት ዓመቱ አንዴ ብቻ እንዲከፈት ወሰነ።

በዚያ ዘመን ሕዝቡ ድምፅ አልነበረውም ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ ቀን በተመራጮች ድምፅ የተቆረጠ ነበር፤ የየወረዳው ተመራጭም የአገሩን ሰው ስሜት ይዞ ይሟገት ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ ነበር፤ የአጋዘን ብዛት ግን የምክር ቤትን ስብሰባ አይጠብቅም። አንድ ከባድ ክረምት፣ አንድ የደን ቃጠሎ፣ ወይም በተመነጠረ መሬት ላይ የሚያቆጠቁጥ ለምለም ቅጠል ቁጥሩን በአንድ ዓመት ውስጥ ይለዋውጠዋል። ቀኑ አንዴ በሕግ ከታሰረ በኋላ ጫካ ውስጥ ያለው ነገር ቢለወጥም ቀኑን የሚያንቀሳቅሰው አልነበረም። ይህ ነጥብ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በተኩላ ጉዳይ ተመልሶ ስለሚመጣ አንባቢ ልብ ቢለው ይበጃል።

መፍትሔ ተብሎ የታሰበው ሥልጣኑን ከምክር ቤቱ ማውጣት ነበር። በ1927 የወጣው ሕግ ደመወዝ የማይከፈላቸው ስድስት አባላት ያሉት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ኮሚሽን አቋቋመ። ከ1924 ጀምሮ በማዲሰን ከተማ ይኖር የነበረው የደን ባለሙያ አልዶ ሊዮፖልድ ለዚህ ሕግ ከተከራከሩት አንዱ ነው። በ1933 የአደንና የዓሣ ማስገሪያ ወቅትን የመወሰን ሥልጣን ለኮሚሽኑ ተላለፈ፤ በዚያው ዓመት ሊዮፖልድ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዱር እንስሳት አያያዝ ፕሮፌሰር ሆነ። አሁን ውሳኔው በየዓመቱ ሊታደስ ይችላል፤ ነገር ግን በመራጭ ፊት ቀርበው የማያውቁ ስድስት ሰዎች ገበሬው መቼ ጠመንጃውን እንደሚያነሣና መቼ እንደሚያስቀምጥ ሊነግሩት ሆነ። ሊዮፖልድና ባልንጀሮቹ አደጋውን ቶሎ ያዩት ይመስለኛል። በ1934 ኮሚሽኑ ካውንቲዎች ወኪሎቻቸውን እንዲልኩ ጠርቶ የጥበቃ ኮንግረስ የተባለውን የዜጎች አማካሪ ጉባኤ መሠረተ። ጉባኤው እያደገ ሄዶ ዛሬ ከ72ቱ ካውንቲዎች ከእያንዳንዳቸው አምስት፣ በድምሩ 360 ተመራጮች አሉት። በኤፕሪል ወር ሁለተኛ ሰኞ ምሽት በሁሉም ካውንቲዎች በተመሳሳይ ሰዓት ስብሰባ መጥራት ወግ ሆነ። አዳኝ ይሁን አይሁን ማንኛውም ነዋሪ ገብቶ በቀረቡት ጥያቄዎች ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ የራሱን የውሳኔ ሐሳብ ጽፎ ማቅረብም ይችላል። ሐሳቡ በካውንቲው ተቀባይነት ካገኘና በጉባኤው ኮሚቴዎች ካለፈ በሌላ ዓመት ለመላው ስቴት ጥያቄ ሆኖ ይቀርባል። ድምፁ ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም።

ትእዛዝ ካልሆነ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ያለው በ1940ዎቹ የአጋዘን ክርክር ውስጥ ነው። ወንዱን ብቻ የማደን ሕግ ሩብ ምዕተ ዓመት ሲሠራ፣ የተመነጠረው ሰሜን በለጋ ዛፍ ሲሸፈንና ተኩላ እየጠፋ ሲሄድ አጋዘኑ ከመጠን በላይ በዛ። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ያስረግዛል፤ በደንብ የተመገበች ሴት ደግሞ መንታ ትወልዳለች፤ ስለዚህ ወንዶቹን ብቻ መቀነስ የመንጋውን እድገት አይገታም። በረዶ ሲወፍር አጋዘኖቹ ነፋስ በማይገባባቸው ረግረጋማ ደኖች ይከማቻሉ፤ እዚያም ቁመታቸው የሚደርስበትን ቅርንጫፍ ሁሉ ግጠው ይጨርሳሉ። ያኔ ረጃጅሞቹ አንጋጠው የሆነ ነገር ያገኙ ይሆናል፤ የዓመቱ ግልገሎች ግን ማርች ሳያልቅ በረሃብ ይወድቃሉ። በ1942 ኮሚሽኑ በሊዮፖልድ ሰብሳቢነት የዜጎች የአጋዘን ኮሚቴ አቋቁሞ ነገሩን እንዲመረምር አደረገ። ኮሚቴው በክረምቱ ማብቂያ ወደ ደኖቹ ገብቶ የተራቆቱትን ዛፎችና የሞቱትን ግልገሎች በዓይኑ አየ። የደረሰበትም መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ ሴቶቹም መታደን አለባቸው።

በ1943 ሊዮፖልድ ራሱ የኮሚሽኑ አባል ሆኖ ተሾመ። በዚያው መኸር ኮሚሽኑ ወቅቱን ለሁለት ከፈለው፤ አራት ቀን ቀንዳቸው ለወጣ ወንዶች፣ ከጥቂት ቀናት ዕረፍት በኋላ ደግሞ አራት ቀን ቀንድ ለሌላቸው ተከፈተ። የተገደለው አጋዘን ከ128 ሺህ በላይ እንደነበር ይገመታል። ሰሜኑ በቁጣ ተነሣ። «የ43ቱ ወንጀል» የሚል ስም ወጣለት፤ ተቃዋሚዎቹም የዊስኮንሲንን አጋዘን አድኑ የሚል ጋዜጣ እስከ ማሳተም ደረሱ፤ ሊዮፖልድም ዋና ዒላማቸው ሆነ። ኮሚሽኑ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ወንድ ብቻ አደን ተመለሰ። በሳይንሱ የሊዮፖልድ ወገን ልክ ነበር፤ ዛሬ ያንን የሚጠራጠር ባለሙያ የለም። ታዲያ ይህ ሕዝብን መጠየቅ ከንቱ መሆኑን አያሳይምን? እኔ ከዚህ የምረዳው ሌላ ነገር ነው። ሰሜናዊው አዳኝ ሴት አጋዘን መግደል ነውር ነው የሚለውን እምነት ከአያቱ አልወረሰውም። ከ1915 ጀምሮ ያስተማረው ስቴቱ ራሱ ነው፤ ሴት የገደለውን ያሰረው፣ የቀጣው፣ በክረምትም ለአጋዘን ድርቆሽ የበተነው ያው መንግሥት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የተሰበከን ትምህርት በአንድ መኸር ሽሮ ሕዝቡ እንዲከተለው መጠበቅ አይሆንም። ኮሚቴው ረግረጉ ድረስ ሄዶ አይቶ ነበር፤ በየካውንቲው ድምፅ የሚሰጠው ሰው ግን አላየም። የጎደለው የሕዝብ ማስተዋል አልነበረም፤ ማስረጃውና ድምፅ ሰጪው አንድ ስፍራ አልተገናኙም።

ሊዮፖልድ በኤፕሪል 1948 የጎረቤቱን የሣር ቃጠሎ ለማጥፋት ሲረዳ ሕይወቱ አለፈ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1949፣ ቀንድ የሌላቸው አጋዘኖች አደን ተከፈተ፤ በ1950 ደግሞ የትኛውንም አጋዘን መግደል ተፈቀደና ግዳዩ ከ160 ሺህ አለፈ። ሆኖም ተቃውሞው አልበረደም፤ በ1952 እንደገና ወደ ወንድ ብቻ አደን ተመለሱ። ክርክሩን ያረገበው በ1957 የተጀመረው የቡድን ፈቃድ ነው። አራት አዳኞች ተቧድነው ከየራሳቸው ወንድ በተጨማሪ አንድ ማንኛውንም አጋዘን እንዲጥሉ ተፈቀደላቸው። ይህ ከባለሙያው እጅግ የሚያንስ፣ ከአዳኙም እጅግ የሚበዛ ነበር፤ ነገር ግን ሴት አጋዘን በሕጋዊ መንገድ ወደ ቤት መምጣት ለመደች፤ ነውሩም ቀስ በቀስ ተነሣ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስቴቱ በአስተዳደር ቀጠናዎች ተከፋፍሎ ለየቀጠናው ኮታ መመደብ ሲጀመር ጠብ አልተቀሰቀሰም። ባለሙያው በ1943 በአንድ ውሳኔ ሊያገኘው የፈለገውን፣ ሕዝቡ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ፈጅቶ ተቀበለው። ዝግታው ዋጋ አስከፍሏል፤ በየክረምቱ የሞቱት ግልገሎች ምስክር ናቸው። በእነዚያ ዓመታት መካከል የተሞከረው ፈጣን መንገድ ግን ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለት ጊዜ ተቀልብሷል። በ1967 ኮሚሽኑ በተፈጥሮ ሀብት መምሪያና ሰባት አባላት ባሉት ቦርድ ተተካ፤ በ1972 ደግሞ የጥበቃ ኮንግረሱ አማካሪነት በሕግ ታወቀ።

እስከዚህ ድረስ «ሕዝብ» ሲባል አንድ ትልቅ ወገን ተረስቶ ነበር። የኦጂብዌ ሕዝብ በ1837ና በ1842 በተፈረሙ ውሎች ሰሜን ዊስኮንሲንን ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቅ፣ በለቀቀው መሬት ላይ የማደን፣ የማስገርና የመልቀም መብቱን ይዞ ነበር። ስቴቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በራሱ የአደን ቀን እየዳኘ አሰራቸው፣ ቀጣቸው። በ1983 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መብቱ እንዳልተሻረ ፈረደ። በዓመቱ የታላላቅ ሐይቆች የኦጂብዌ የዓሣና የዱር እንስሳት ኮሚሽን ተቋቋመ። የሰማንያዎቹ መጨረሻ ግን አሳፋሪ ነበር፤ በየጀልባ ማቆሚያው ኦጂብዌዎች በባህላቸው መሠረት ዓሣ ሊወጉ ሲመጡ በስድብና በድንጋይ የተቀበሏቸው ነበሩ። ዳኛ ባርባራ ክራብ በተከታታይ ፍርዶቿ ሊታደን የሚችለው ሀብት በስቴቱና በኦጂብዌ መካከል እኩል እንደሚካፈል ወሰነች። የሕዝብ ስብሰባ የአናሳውን መብት ይረግጣል የሚለው ተቃውሞ እዚህ ላይ ሙሉ እውነት አለው። በኤፕሪል ሰኞ በተነሡ እጆች ብዛት ውል ሊሻር አይችልም፤ መብት ከአስተያየት ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ሆኖም ይኸው ታሪክ ሌላም ነገር ይናገራል። ስቴቱ የሰሜኑን ወቅት ለመቶ ዓመት ሲቆርጥ አንደኛውን ባለመብት ፈጽሞ አላማከረም፤ ውጤቱም በፍርድ ቤት የፈረሰ ሥርዓት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮታ ሲወጣ ሁለት መንግሥታት ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ምክክር አስፈላጊ ሆነ።

ሌላው የተረሳ ወገን የማያድነው ነዋሪ ነው። በ2000 በኤፕሪሉ የፀደይ ስብሰባዎች ዋኖስ ይታደን ወይ የሚል ጥያቄ ቀረበና አብዛኛው ተሰብሳቢ ይታደን አለ። ይህችው ወፍ በ1971 የስቴቱ የሰላም ምልክት ተብላ የተሰየመች ነበረች። ተቃዋሚዎች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አደኑ ታገደ፤ የመጀመሪያው ወቅት በ2003 ተከፈተ፤ በ2004 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መምሪያው ወቅቱን የመክፈት ሥልጣን እንዳለው ፈረደ። በ2005 ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ጥበቃ ከማይደረግላቸው እንስሳት ይቆጠሩ የሚል ሐሳብ ከአንድ ካውንቲ ተነሥቶ ለመላው ስቴት ቀረበ፤ 6,830 ሰዎች ደግፈው 5,201 ተቃወሙ። ጩኸቱ ከስቴቱ አልፎ አገሩን አዳረሰ፤ አገረ ገዢው ጂም ዶይል ሕግ ሆኖ ቢመጣ እንደማይፈርም ተናገረና ነገሩ እዚያው ቀረ። አዳራሹን የሚሞላው አዳኝ ነው፣ ሕዝቡ አይደለም የሚሉ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ፤ አባባላቸውም ውሃ የሚያነሣ ነው። አምስት ሚሊዮን ተኩል ነዋሪ ባለበት ስቴት 12 ሺህ ድምፅ የሁሉ ድምፅ አይባልም። እኔ ከሁለቱ ጉዳዮች የማስተውለው የስብሰባው ድምፅ የነገር መጨረሻ ሆኖ አለመሠራቱን ነው። የዋኖሷ ጥያቄ በቦርዱ፣ በምክር ቤቱና በሦስት ደረጃ ፍርድ ቤት ተፈትኖ ቆመ፤ የድመቶቹ ጥያቄ ከመጀመሪያው በር ላይ ወደቀ። ድምፁ ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውም በአንድ ምሽት ሕግ ይሆን ነበር። ምክር ብቻ መሆኑ እንደ ድክመት ሲቆጠር ብሰማም፣ እኔ ግን የጥንካሬው ምንጭ ይህ ነው እላለሁ።

በፌብሩዋሪ 2002 ከማዲሰን በስተ ምዕራብ በታደኑ ሦስት አጋዘኖች ላይ የአጋዘንን አንጎል እየበላ የሚያመነምንና መድኃኒት የሌለው ሕመም ተገኘ። መምሪያው የወሰደው እርምጃ ጨካኝ ነበር፤ በተበከለው ቀጠና ያለው አጋዘን በሙሉ እንዲያልቅ አሰበ። አዳኞች መጀመሪያ ቀንድ የሌለው አጋዘን ሳይጥሉ ቀንዳም ወንድ እንዳይገድሉ የሚያዘው ደንብም በስፋት ተሠራበት። ብዙ ባለመሬቶች አጋዘኑን ከመሬታቸው ለማጥፋት ፈቃደኛ አልሆኑም፤ አዳኞችም ደንቡን አምርረው ጠሉት፤ ባለሙያው ጥናቱን ቢያቀርብም ብዙዎች ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በመጨረሻ ቅሬታው ወደ ምክር ቤት ወጣና በ2011 ደንቡ በሕግ ተከለከለ። ሕመሙ ግን በድምፅ ብልጫ አይገታም፤ ዛሬ ከግማሽ በሚበልጡት ካውንቲዎች በዱር አጋዘን ላይ ተገኝቷል። ለእኔ ክርክር ከሁሉ የከበደው ማስረጃ ይህ ነው፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። መምሪያው የሕዝቡን ቁጣ ንቆ ቢገፋበት ሕመሙን ያጠፋው ነበር? እኔ አይመስለኝም። በግል መሬት ላይ አጋዘን የሚገድለው አዳኙ ነው፤ መንግሥት ያንን ሁሉ መንጋ የሚጨርስ እጅ የለውም። ፈቃደኛ ያልሆነ አዳኝ ቀኑ ቢራዘምለትም ጥይት አይተኩስም። የአደን ወቅት ከሌላ ደንብ የሚለይበት ነገር ይህ ነው፤ ግብር በግድ ይሰበሰባል፣ አጋዘን ግን በግድ አይታደንም።

ከዚህ ስብራት በኋላ የመጣው ለውጥ በ2014 የተቋቋሙት የካውንቲ የአጋዘን አማካሪ ምክር ቤቶች ናቸው። ሰብሳቢዎቻቸው የጥበቃ ኮንግረሱ ተወካዮች ናቸው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ ግን አዳኝ ብቻ አልተቀመጠም። አጋዘን በቆሎውን የሚበላበት ገበሬ፣ ችግኙን የሚግጥበት የደን ባለቤት፣ በቱሪዝምና በመንገድ ደኅንነት ጉዳይ የሚናገር ሰውም ወንበር ተሰጥቶታል። የመምሪያው ባለሙያ ቁጥሩን ያቀርባል፤ እነርሱ መንጋው ይብዛ፣ ይቀነስ ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚለውን ይመክራሉ፤ ኮታ ያቀርባሉ፤ አስተያየት ሰብስበው እንደገና ይመለከቱታል። ለዚህ ሲባል በደንና በመሬት አቀማመጥ ተሠርተው የነበሩት የአስተዳደር ቀጠናዎች በካውንቲ ወሰን ተተኩ። ባለሙያዎች በዚህ የሚከፉበት ምክንያት አላቸው፤ አጋዘን የካውንቲ ድንበር አያውቅምና። ልውውጡ ግን ተገቢ ይመስለኛል፤ ነዋሪው የትኛው ቀጠና ውስጥ እንዳለ በካርታ ከመፈለግ ድኖ ስለ ራሱ አገር እንዲናገር ተደረገ፤ በ1943 የጎደለውም የማስረጃና የድምፅ ሰጪ መገናኛ በመጠኑ ተገኘ። በ2020 ወረርሽኙ አዳራሾቹን ሲዘጋ የፀደዩ ስብሰባ በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደና ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተሳተፈ። ቁጥሩ አስደሳች ነው፤ ነገር ግን ስልኩ ላይ ምርጫውን ነክቶ የሚወጣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር አይከራከርም፤ ባለሙያውንም ዓይን ለዓይን አይጠይቅም። ከምሽቱ ስብሰባ የሚገኘው ትምህርት ከድምፁ ቆጠራ ያላነሰ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ልምድ ባለበት ስቴት በ2021 የሆነው ነገር የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። ዊስኮንሲን ከ1865 እስከ 1957 ተኩላ ለሚገድል ሰው ጉርሻ ትከፍል ነበር፤ በ1960 ገደማ ተኩላ ጠፋ። በሰባዎቹ ከሚኒሶታ ተሻግሮ በፌዴራል ሕግ ጥላ ሥር እየተራባ፣ በ2020 በስቴቱ የተቆጠረው ከአንድ ሺህ አለፈ። በ2012 ጥበቃው ሲነሣ የስቴቱ ምክር ቤት ጥበቃ በሌለበት ጊዜ ሁሉ አደን የግድ እንዲከፈትና እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ እንዲዘልቅ በሕግ አሰረ። ከሦስት የአደን ወቅቶች በኋላ ፍርድ ቤት ጥበቃውን መለሰው፤ በጃንዋሪ 2021 እንደገና ተነሣ። መምሪያው ሕዝቡንና ኦጂብዌዎችን አማክሮ በኖቬምበር ሊከፍት አስቦ ነበር። መቀመጫው በካንሳስ የሆነ የአዳኞች ድርጅት ከሰሰ፤ የካውንቲ ዳኛም ሕጉ ስለሚያዝ በፌብሩዋሪ ይከፈት ሲል ፈረደ። የተለመደው የሕዝብ ስብሰባ አልተካሄደም፤ ከኦጂብዌ ነገዶችም ጋር ተገቢው ምክክር አልተደረገም። ኮታው 200 ተባለ፤ ተኩላን እንደ ወንድም የሚቆጥሩት ኦጂብዌዎች ድርሻቸው 81 ሲሆን ሊገድሏቸው ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ለስቴቱ አዳኞች 119 ቀረ። ለአንድ ተኩላ ሃያ ፈቃድ ሂሳብ 2,380 ፈቃድ ተዘጋጀ። በፌብሩዋሪ 22 ተከፍቶ ሦስት ቀን ሳይሞላው ሲዘጋ 218 ተኩላዎች ተገድለው ነበር፤ አብዛኞቹም በትኩስ በረዶ ላይ በውሻ እየተባረሩ።

የአደኑ ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው። ሕጉን ያወጡት በሕዝብ የተመረጡ ተወካዮች ናቸው፤ ከዚህ በላይ የሕዝብ ድምፅ ምን አለ ይላሉ። በከብቶቻቸውና በአደን ውሾቻቸው ላይ ተኩላ የደረሰባቸው የሰሜን ነዋሪዎች ለዓመታት አልተሰማንም ማለታቸውም እውነት ነው። ነገር ግን የ2012ቱ ሕግ የሠራው በ1925 የነበረው ምክር ቤት የሠራውን ነው፤ ቀኑን ከዘጠኝ ዓመት በፊት በወረቀት ላይ አሰረ። ያ ቀን ሲደርስ ተኩላዎቹ በመራቢያ ወራቸው ላይ መሆናቸውን፣ በረዶው ዱካ መግለጡን፣ አደኑን ለመዝጋት የ24 ሰዓት ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልግ መሆኑን፣ የነገዶቹም ድርሻ በተኩስ ፍጥነት ሊበላ እንደሚችል የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። የተመራጮች ድምፅ በቂ ቢሆን ኖሮ በ1933 ሥልጣኑን ማስተላለፍ ባላስፈለገ ነበር። ለሰሜኑ ገበሬ ቅሬታም ቢሆን ያ የሦስት ቀን አደን መልስ አልሆነውም። በዚያው ዓመት ለመኸር ባለሙያዎች 130 ያሉትን ኮታ ቦርዱ 300 አደረገው፤ በኦክቶበር የስቴት ዳኛ አደኑን አገደ፤ በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥበቃውን መለሰ። ገበሬው ከዚያ ወዲህ አንድም ሕጋዊ የተኩላ አደን አላየም። ያልተመከረበት ወቅት ለጠየቁትም ሳይበጅ አለፈ።

መምሪያው ከዚያ በኋላ የያዘው መንገድ ረጅም ነው። ከ1999 ጀምሮ ሲያከራክር የነበረውን የ350 ተኩላ ግብ የሚተካ ዕቅድ ለማዘጋጀት የአዳኞች፣ የእርሻ፣ የእንስሳት ተሟጋቾችና የነገዶች ወኪሎች የተቀመጡበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ረቂቁ ለሕዝብ ቀርቦ በሺዎች የሚቆጠር አስተያየት ተሰበሰበበት፤ ቦርዱም በኦክቶበር 2023 አጸደቀው። ዕቅዱ ለመላው ስቴት አንድ ቁጥር አላስቀመጠም፤ እንደየቀጠናው ሁኔታ እየታየ እንዲወሰን አደረገ እንጂ። ብዙ የአዳኝ ማኅበራት ቁርጥ ያለ ቁጥር ባለመኖሩ ቅር ተሰኝተዋል፤ ቅሬታቸውን ግን በስብሰባው ተናግረውታል፣ ተመዝግቧልም። የ2012ቱ ሕግ ደግሞ እስካሁን አልተሻረም። የፌዴራሉ ጥበቃ በተነሣ ጊዜ ሁለቱ፣ በምክክር የወጣው ዕቅድና አስቀድሞ ቀኑን የቆረጠው ሕግ፣ በአንድ ጫካ ላይ ይገናኛሉ።